ዘርዎ ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ክሊኒክ ሄጄ ነርሷ፣ «ጋሼ፣ በዘርዎ ስኳር ያለበት ሰው አለ?» አለችኝ። «ዘር» ስትል ሐሳቤ ጎረቤላ ወረደ።

ወጣት ሳለሁ፣ የእግር እብጠት በደም ይወረስ እንደሆነ ለሚያጠኑ ሰዎች ደም እቀዳ ነበር። ወደ አንኮበር ስንወርድ ጉሙ መንገዱን ይውጠዋል፤ ብርዱማ አይነሣ! ከጎረቤላ በታች ባለ መንደር ከሰው ተነጥለው ደጃቸው ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ አገኘሁ፣ አባባ ደገፋ። እግራቸው አብጧል። እንደታዘዝኩት፣ «አባባ፣ ዘርዎ ምንድን ነው?» አልኩ።

«አምና ገብስ ነበር። ዘንድሮ ስንዴ ሞክሬአለሁ።»

ሳቅሁ። የአያቶቻቸውን አገር ስጠይቅ ነው ነገሩ የገባቸው። «በእናቴ ቆለኛ ነኝ። ልጄን ለጋብቻ ጠይቀው ሲያበቁ፣ ‹እግር የሚያሳብጠው የቆላ ደም ነው› ብለው ተዉአት። እስቲ ደሙ ይናገር፤ እውነት ከእናቴ ነው?» በሶ በጥብጠው ሰጡኝ። ቤታቸው የሚቀምስ ሰው ከጠፋ ቆይቷል መሰለኝ፣ እስክጨርስ ዐይን ዐይኔን ያዩኝ ነበር።

ውጤቱ መጀመሪያ እውነትም ወደ ቆላ ደም ጠቆመ። አለቃችን ግን አላመነም፤ የታመሙትን ቆለኞች ከበዙበት መንደር፣ ጤነኞቹን ደገኛ ከሚበዛበት ከጎረቤላ ገበያ ነበር የሰበሰብነው። የእያንዳንዱን ሰው የደጋና የቆላ ትውልድ ቅይጥ ለይቶ እንደገና ሲያሰላው ያ ምልክት ጠፋ።

እየሮጥኩ ሄድኩላቸው። «አባባ፣ የላይኛው ማሳ ገብስ፣ የታችኛው ስንዴ ነው እንበል። ውሃ ተኝቶ የታችኛውን ቢያበሰብሰው ጥፋቱ የስንዴው ነው?»

«ኧረ የቦታው ነው!»

«የእናትዎም ደም እንደ ስንዴው ነው፤ ጥፋት የለበትም።»

ፊታቸው ፈታ አለ፤ ወዲያው መልሶ ጨለመ። «ልጄ እኮ አፍራ አገር ጥላ ሄደች። የት እንዳለች አላውቅም። ለእኔስ ነገርከኝ፤ ለእሷ ማን ይንገርልኝ?»

ዳገቱን ብቻዬን ወጣሁት።

«ጋሼ?» አለች ነርሷ። አባቴ ከሩቅ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሹፌር ነበር፤ እናቴ የእነዋሪ ሰው። ሁለቱም የሉም፤ ወንድም እኅት የለኝም፣ አላገባሁም። «እንጃ፣ አላውቅም» አልኳት።

«ችግር የለም፣ ቤት ጠይቀው ይምጡ።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ሰው ዘሩን ብቻውን አያውቀውም፤ የሚነግረው ይፈልጋል። ቤቴ ደርሼ ቁልፉን ሳዞር ነው የምጠይቀው እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ።