የማይመሳሰሉ ሁለት ጎማዎች

አዲስ ጎማ ከላስቲኩ ሲወጣ የሚሸት ሽታ አለ። ትንሽ ናፍጣ ናፍጣ ይላል፣ ትንሽ ደግሞ ፀሐይ ላይ የዋለ ጫማ ይሸታል። ባለፈው ሳምንት አሮጌ ሞተር ብስክሌት የሚሰበስብ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ጂንካ ድረስ መጥቶ፣ ግቢዬ ውስጥ ሁለት አዲስ ጎማዎች ፈትቶ ግድግዳ ሲያስደግፍ ያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ጎማዎቹ ቁርጥ አንድ ናቸው። ሞተሬን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ "እማማ፣ ይቺ እኮ ክላሲክ ናት። የፊትና የኋላ ጎማዋ ግን አይገጥምም። ማነው እንዲህ ያበላሻት?" አለኝ። እማማ መባሌም አልተመቸኝም።

"እኔ ነኝ" አልኩት። "ደግሞም አልተበላሸችም።"

ነገሩ መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ የሆነ ነው። ሞተሯ የአባቴ ነበረች። አባቴ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ሞተሮቹን በጨረታ ሲሸጥ አንዷን ገዝቶ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዱ በፊት በጨርቅና በሳሙና ያጥባት ነበር። ያን ጊዜም አሮጌ ነበረች። ስትነሳ እንደ ሽማግሌ ደጋግማ ትስላለች፤ ከዚያ ድምፅዋ ይስተካከልና ከአውሮፕላን ማረፊያው ማዶ ድረስ ይሰማል። የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ያኔ ከተማው መሀል የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነበር። አውሮፕላን ከሌለ ላም ይግጥበታል።

አባቴ ጽዳት የሚወድ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ ሰው ነበር። አንድ ዓመት ገና ሲቃረብ አንድ ነጋዴ ከመሀል አገር ያስመጣቸውን ሁለት ጎማዎች ገዛ። ጥርስ የላቸውም፤ ለስላሳ ሆነው ጥቁረታቸው ያበራል። የአስፋልት ጎማዎች ናቸው። አስፋልትን ግን እኛ ያኔ በወሬ ነው የምናውቀው። ከጂንካ እስከ ቀይ አፈር ያለው መንገድ ጭቃ፣ ከዚያ በታች እስከ ወይጦ ያለው ደግሞ አሸዋና የግራር እሾህ ነበር። ቢሆንም ጎማዎቹ ያምሩ ስለነበር ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አያቸው። የበፊቶቹ ጥርሳም ጎማዎች ወለቁ፤ የፊቱ ያለቀለት ስለነበር ተጣለ፣ የኋላው ግን ገና ደህና ስለነበር ጓሮ ዶሮዎቹ ሥር ተቀመጠ። እኔ "ኧረ የኋላውን እንኳ ጥርሳሙን ተወው" ስለው ሳቀብኝ።

"ጎማ እንደ ጫማ ነው፤ ጥንድ ነው" አለኝ። "አንዱን እግርሽን ቡትስ፣ አንዱን ሸራ አድርገሽ ትሄጃለሽ?"

በልጉ ሲገባ፣ ከቀይ አፈር ወደ ወይጦ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ሞተሯ ከአባቴ ሥር ተንሸራተተች። ሰዎች ተሸክመው አውጥተው ጭነት መኪና ላይ ጫኑት። እግሩ ተሰብሮ ነበር፤ ሲድንም ጠማማ ሆኖ ዳነ፣ ያለ ምርኩዝም መቆም አልቻለም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሊጸልዩለት መጥተው፣ ከአሜን በኋላ "ይቺ ሞተር ለቤታችሁ አልሆነችም፤ ሽጧት" ብለው መከሩ። እነዚያን ጎማዎች የሸጠለት ነጋዴም ሞተሯን ልግዛ ብሎ መጣ፤ አያፍርም። አባቴም በሚመጣው ሳምንት ውሰዳት አለው።

እኔ በዚያው ዓመት የከብት ክትባት ሥልጠና ጨርሼ እዚያው መሥሪያ ቤት ገብቼ ነበር። ገባሁ ይባል እንጂ ሥራዬ ሌሎች ከመስክ ያመጡትን ሪፖርት መገልበጥ ነበር። አባቴ የተወው የወይጦ ሥራ ቋሚ ሰው አልነበረውም። እኔን መድቡኝ ብል ኃላፊው አልሰማኝም።

"ሴት ልጅን በሞተር ፊልድ አልልክም። መኪና ሲመደብ ትሄጃለሽ" አለኝ።

የነበረችን አንዲት መኪና ግቢው ውስጥ ድንጋይ ተደግፋ ሣር በቅሎባታል። ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ ይህንኑ ነገርኩት። ሰው ሲስቅ ኃላፊው ተናደደ። "በይ እንግዲህ! የክትባት ሳጥኑን ሞልተሽ ወይጦ ውረጂ። ባዶ አድርገሽ ከተመለስሽ ሥራው ያንቺ ነው" አለ። ከአባቴ በኋላ የወረዱት ወንዶች ክትባቱን እንዳለ ይዘው ሲመለሱ ስለሚያውቅ ነበር እንዲህ የደፈረው። እኔም ቃሉን በሰው ፊት ያዝኩበት።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። ሞተሯን አትሽጥ፣ ያንሸራተተህ ጎማው እንጂ እሷ አይደለችም አልኩት።

"ጎማውን የመረጥኩት እኮ እኔ ነኝ" አለኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ልክ ከሆንኩ የአባቴ እግር የተሰበረው በገዛ ምርጫው ነው ማለት ነው። ሞተሯን መርገም ይሻለው ነበር። አዘንኩለት፤ ብዙ አዘንኩለት። ግን አልተውኩም። እኔ ልጅ ሆኜ ከኋላው ተፈናጥጬ ስሄድ የማየው መንገዱን ነበር። የኋላ ጎማ ሥራው መግፋት ስለሆነ ጭቃ የሚነክስ ጥርስ ይፈልጋል። የፊት ጎማ ሥራው መምራት ነው፤ እሱ ጥርስ ሲኖረው ጭቃውን ተሸክሞ ይከብዳል፣ አሸዋ ላይም ይዋልላል። የፊቱ ዙሪያውን ቀጥ ያለ መስመር ያለው መሆን አለበት። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ማንም ደግሞ አላመነኝም።

ጥርሳሙ ከጓሮ ነበረኝ። መስመር ያለውን ፍለጋ ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ሱቅ አልሄድኩም፤ የሄድኩት አሮጌ ጎማ እየቆረጠ ጫማ ከሚሠራው ሰውዬ ዘንድ ነው። የቆላው ሰው ሁሉ የሚጫማው የእሱን ጫማ ስለሆነ በአካባቢው የሞተ ጎማ በሙሉ መጨረሻው እሱ ጋ ነበር። ከክምሩ ሥር የእኛን ሞተር ከመሰለች፣ ከተሸጠች የመሥሪያ ቤት ሞተር የወለቀ፣ ዙሪያውን ሦስት መስመር ያለው ጎማ አገኘሁ። ብዙም አልተበላም። ግን በጠመኔ የእግር ቅርጽ ተሥሎበት ነበር።

"እሱ ሰው አለው" አለኝ ጫማ ሠሪው፣ በቢላው ጫፍ እየጠቆመ።

ባለቤቱ ከወይጦ የመጡ አንድ የፀማይ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከእንጨት በተሠራች ትንሽ መቀመጫቸው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ይጠብቃሉ። ሌላ ጎማ ይቆረጥልዎት ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አማርኛቸው ሰውን ሁሉ አንተ የሚል ነበር።

"አንተ ሌላ ውሰድ። ይሄ መስመር አለው። እኔ ስሄድ መሬት ይጽፋል። ልጆቼ ያያሉ፣ አባት በዚህ ሄደ ይላሉ። ሌላ ጫማ ሁሉ አንድ ነው፣ አይታወቅም።"

ቆላ ውስጥ ከብት ጠብቆ ያደገ ሰው ዱካ ሲመርጥ እኛ ጨርቅ ከምንመርጠው በላይ እንደሚጠነቀቅ አላውቅም ነበር። ጎማውን ለምን እንደፈለግኩት ነገርኳቸው። ወይጦ ወርጄ ከብት ልከትብ ነው አልኳቸው።

"መርፌ አንተ ነህ የምትወጋው?" አሉኝ ቀና ብለው። ቀጥለውም፣ "የመንግሥት ሰው ይመጣል፣ ቀን አይናገርም። እኛ ከብት ይዘን ስንቆም እሱ የለም። እሱ ሲመጣ እኛ የለንም። ከብት ይሞታል" አሉ።

ክትባቱ ለምን ሳይነካ ይመለስ እንደነበር በዚያች ቅጽበት ተረዳሁ። ሰው እምቢ ብሎ አልነበረም። እኔም አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። ይህ ጎማ ከፊት፣ ሌላ ጥርስ ያለው ከኋላ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ሞተር በአገሩ ሌላ የለም፤ ዱካዋን መንገድ ላይ ካዩ እኔ ነኝ፣ ከብቱን ይዘው ይምጡ አልኳቸው። ሽማግሌው መስመሮቹን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ቆዩ። የኋላው ጎማ በፊተኛው ዱካ ላይ ሄዶ ያጠፋዋል አሉ። "ሲታጠፍ አያጠፋውም፤ መታጠፊያው ላይ መስመሩ ብቻውን ይወጣል" አልኩ። ትንሽ አሰቡና ሳቁ።

"እውነት ነው። እሱን ልጆቼ ያውቃሉ" አሉና ጎማውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

በለውጡ የአባቴን ለስላሳ ጎማዎች አመጣሁ። አንዱ የሽማግሌው ጫማ ሆነ፤ ሌላው ለጫማ ሠሪው ቀረ። ያንን የሚያበራ ጎማ ቢላው ሲከፍተው ቆሜ አየሁ። መመለሻ የለውም።

ጎማዎቹን ግቢያችን ውስጥ በሁለት ብረትና በሳሙና ውኃ ራሴ ገጠምኳቸው። አባቴ በር ላይ ወጥቶ ቆመ። የፊቱን አየ፣ የኋላውን አየ። "የኔዎቹስ?" አለኝ። ጫማ ሆኑ አልኩት። ፊቱ ምን እንደመሰለ ዛሬም መናገር አልፈልግም። ምርኩዙን አዙሮ ገባ። ጎረቤቶች ግን በአጥር ላይ ተንጠልጥለው ሳቁብኝ፤ "ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ" አለ አንዱ። በወንዱ ምርጫስ ምን አለቀ ልለው ፈለግኩና አባቴ እንዳይሰማ ዋጥኩት።

ሰኞ ሲነጋ የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ከኋላ አስሬ ወጣሁ። ሌሊት ዝናብ ጥሎ ነበር። ከቀይ አፈር በኋላ ቁልቁለቱ ሲጀምር ጭቃው እንደ ሳሙና ነው፤ የረጠበ አፈርና የተቀጠቀጠ ቅጠል ይሸታል። አባቴ የወደቀበትን መታጠፊያ አወቅኩት። ፈርቼ ነበር። የኋላው ነከሰ፣ የፊቱ ቀጥ ብሎ መራኝ። አለፍኩ። ሰው በሌለበት በረሃ ብቻዬን እየጮህኩ እስከ ወይጦ ወረድኩ።

ከአንድ ግራር ሥር ሳጥኑን አውርጄ ጠበቅኩ። ፀሐይ ወጣ አለች፤ ማንም የለም። የኃላፊው ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይጮህ ጀመር። ከዚያ ከሩቅ የከብት ቃጭል ሰማሁ። ሁለት ወጣቶች አጎንብሰው መሬት መሬቱን እያዩ ይመጣሉ፤ ከኋላቸው መንጋ ነው። ቀና ብለው ሞተሯን ሲያዩ አንዱ በጣቱ የፊቱን ጎማ ጠቆመ። ከእነሱ በኋላ ሌሎች መጡ፤ ከእነዚያም በኋላ ሌሎች። ሳጥኑ ከቀትር በኋላ ባዶ ሆነ።

ዛሬ ያ መንገድ አስፋልት ነው፤ ሰብሳቢውም በሱ ነው ተንሸራቶ የመጣው። ክላሲክ የሚለው ነገር ጥንድ መሆን አለበት ይላል። እኔ ጎማዎችህን ይዘህ ሂድ አልኩት፤ ሄደ።

ያን ዕለት ከወይጦ ስመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ለኃላፊው ባዶውን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት ወደ ቤት መጣሁ። አባቴ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። ወደ ጎማዎቹ አላየም።

"ቁልቁለቱ ላይ አንሸራተተችሽ?" አለኝ።

አንሸራተተችኝ ብዬ ብነግረው ደስ እንደሚለው አውቃለሁ። "አላንሸራተተችኝም፣ አባ" አልኩት።

አንገቱን ደፋ። እናቴ ከውስጥ ወጥታ ሁለታችንንም አየችና ተመልሳ ገባች። ከዚያ አባቴ ምርኩዙን ግድግዳ አስደገፈና፣ "ነጋዴውን አይምጣ በሉት" አለ። ቀጥሎም፣ በሕይወቱ ከሰው ኋላ ተቀምጦ የማያውቀው ሰው፣ "ነይ ከኋላሽ አስቀምጪኝ" አለኝ። ጠማማ እግሩን በእጄ አንስቼ አሻገርኩለት። ወገቤን ያዘኝ። ከተማው ሁሉ እያየን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ገባን። ላሞቹ ገለል አሉልን። እንዳላስፈራው ብዬ ቀስ ብዬ ስነዳ ጆሮዬ ሥር፣ "ጨምሪበት" አለኝ።

ጨመርኩበት።

በሚቀጥለው በልግ አረፈ። ሥራውን እስከ ጡረታ ሠራሁት። ሞተሯ ላይ ስወጣ ግን ዛሬም ወደ ፊት ጠጋ ብዬ ነው የምቀመጠው፤ ከኋላዬ የአንድ ሰው ቦታ እተዋለሁ።