አንዱን ኳዛር አራት ያደረግሁበት ቃለ መጠይቅ

"ማሻአላህ! እውነትም አራት!" አሉ የፈታኞቹ ሰብሳቢ፣ የሻይ ብርጭቆ ቂጥ ዓይናቸው ላይ ደግነው አምፖሉን እያዩ።

ዛሬ ሐይቅ ከተማ ለአንዲት የፊዚክስ መምህርነት ቦታ አራት ሆነን ተፈተንን። የመመረቂያ ጥናቴን ሲጠይቁኝ በጉጉት አስረዳሁ፦ የኳዛር (የሩቅ ጋላክሲ ደማቅ እምብርት) ብርሃን ወደ እኛ ሲመጣ መሃል ያለ ሌላ ጋላክሲ በስበቱ ያጥፈዋል፤ አንዱ ኳዛር አራት ሆኖ፣ ደምቆም ይታያል። በቂጡ አምፖሉን እንዲያዩበትም ለማሳያ ይዤው የመጣሁትን የሻይ ብርጭቆ ሰጠኋቸው።

"አብሽር ልጄ፣ ይህችንም ቦታ አራት አድርግልንና ሁላችሁንም እንቅጠር!" ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሥራ ፈላጊ አይደለሁ?

ቦታዋን የሰብሳቢው የእህት ልጅ ወሰዳት። ፊዚክስ ነው፣ አልቀየምም፤ ከፊቱ ግዙፍ ጋላክሲ የቆመለት ደብዛዛም ይደምቃል።

እኔ ያለኝ ብርጭቆ ብቻ ነው። ሰኞ ደሴ ለሌላ ፈተና ይዤው እሄዳለሁ።

እናንተስ፣ ጋላክሲ አጥታችሁ ያመለጠቻችሁ ቦታ የቷ ናት?