ፍራሽ የሸጠው የቀለም ሱቅ

ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለኝ። ሥራዬ የሰው ጠብ መተየብ ነው። ባልና ሚስት፣ አከራይና ተከራይ፣ በውርስ የተጣሉ ወንድማማቾች፣ ሁሉም በእኔ ጣት አልፈው ነው ዳኛ ፊት የሚቀርቡት። ሰው አጠገቤ ሲያለቅስ እኔ አራት ነጥብ አስተካክላለሁ። «ፋዮ፣ አንቺ እኮ ልብ የለሽም» የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። ቢኖረኝ ኖሮ እዚህ አጥር ሥር አንድ ወር አልቆይም ነበር። የእትዬ ሸምሲያ በከርን አቤቱታ የተየብኩ ዕለት ግን፣ አልዋሽም፣ ከንዴቴ የተነሣ አራት ነጥቡን ረስቻለሁ።

እትዬ ሸምሲያን አብነት ሰፈር የማያውቃት የለም። አባቷ ከወሎ መጥተው በልደታና በተክለ ሃይማኖት ሰፈሮች «ፍራሽ አዳሽ!» እያሉ ሲዞሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። የሰው ግቢ ገብተው ያረጀውን ፍራሽ ይተረትራሉ፣ የተጠቀጠቀውን ጥጥ ይነድፋሉ፣ መልሰው ይሰፋሉ። እሷም መርፌና ክር እያቀበለቻቸው አደገች። በኋላ ስፖንጅ መጥቶ የጥጡን ገበያ ሲገድለው ብዙዎቹ ሙያውን ጣሉት። እሷ ጥጡንም ስፖንጁንም ይዛ አብነት ላይ ወርክሾፕ ከፈተች፣ የሰፈር ሴቶች ቀጠረች፣ ውሎ አድሮም ከእህቷ ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር አቋቋመች። ነፍሱን ይማረውና ባሏ አብዱራህማን «ማህበሩ የሁለታችሁ፣ ኃላፊነቱ ያንቺ ብቻ» እያለ ይቀልድባት ነበር።

ግድግዳዋን ተደግፎ የቆመው የጋሽ ገረሱ የቀለም ሱቅ ነው። ጋሽ ገረሱ በወጣትነታቸው ከአምቦ መጥተው እዚያው የሸበቱ፣ ቁጥብ፣ ልብሳቸው ላይ ሁልጊዜ የቀለም ጠብታ የማይጠፋ ሰው ናቸው። አርብ አርብ እትዬ ሸምሲያ ለጁምዓ ሶላት ስትሄድ ሱቋን ይጠብቁላታል። በየወሩ ሃያ አራት፣ በተክለ ሃይማኖት፣ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲስሙ ደግሞ እሷ ትጠብቅላቸዋለች። ውል የለው፣ ምስጋና የለው። «ሄድኩ» ይላል አንዱ፤ «ሂድ» ይላል ሌላው፤ አለቀ።

ጣጣውን ያመጣባቸው ጨዋነታቸው ነው። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ሲገባላቸው «ማሽኑን ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳይነካው» ተብለዋል። «ያለ ደረሰኝ መሸጥ ወንጀል ነው» ተብለዋል። ሁለቱም መንግሥት የሚፈሩ ሰዎች ስለሆኑ ሁለቱንም ትእዛዝ አከበሩ። ጋሽ ገረሱ በጁምዓ ሰዓት የእትዬ ሸምሲያን ፍራሽ ሲሸጡ የእሷን ማሽን አይነኩም። ወደ ሱቃቸው ሮጥ ብለው ከራሳቸው ማሽን ደረሰኝ ይቆርጣሉ። እሷም በተክለ ሃይማኖት ቀን የእሳቸውን ቀለም ስትሸጥ እንደዚሁ ታደርጋለች። ማታ ይተሳሰባሉ፣ ቫቱን ደረሰኝ የቆረጠው ይከፍላል። መንግሥት አምስት ሳንቲም አልጎደለበትም። ወረቀት ላይ ግን የቀለም ሱቁ ፍራሽ፣ የፍራሽ ድርጅቱ ቀለም ሲሸጡ ኖሩ።

አንድ ቀን አንድ ፔንሲዮን ለክፍሎቹ ፍራሽ የገዛበትን ደረሰኝ ለግብር ሰዎች አቀረበ። ሻጩ ማን ይላል? ገረሱ፣ የቀለምና የሕንፃ መሣሪያ መደብር! የተቆጣጣሪው ሰው ቢገረም አይፈረድበትም። እኔም ብሆን ይገርመኛል። የሚፈረድበት ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ፍራሹ የእትዬ ሸምሲያ ሥራ መሆኑን ደርሰውበት፣ መርማሪዎች በሁለት መኪና ወርክሾፗ መጡ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ አልያዙም። ኮምፒውተሩንና ማሽኑን ጭነው፣ ሴቶቹን መርፌ በእጃቸው እንደያዙ አስወጥተው፣ በሩን አሸጉት። የባንክ ሒሳቡም ታገደ። ጥርጣሬው «ሐሰተኛ ደረሰኝ በመለዋወጥ ግብር ማጭበርበር» የሚል ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው። ጋሽ ገረሱን ግን ለጊዜው አልነኳቸውም፤ «ያንተም ተራ ይደርሳል» ብለዋቸው ብቻ ሄዱ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጋሽ ገረሱ አንገታቸውን ደፍተው ማለፍ ጀመሩ። ሚስታቸው ዲንቄ «እጅህን ከዚህ ነገር አውጣ፣ ልጆች አሉህ!» ስትላቸው አብነት በሙሉ ሰምቷል።

እትዬ ሸምሲያ ሙሌ ከሚባል ወጣት ጠበቃ ጋር ወደ እኔ ቤት የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። ሙሌ ጥሩ ልጅ ነው፣ ጥሩነቱ ግን ቶሎ ይደክማል። ወንበር ስቦ አስቀመጣትና የሰማውን ነገራት።

«እትዬ፣ የግብር መሥሪያ ቤቱን ነገረ ፈጅ አነጋግሬያለሁ። ማጭበርበሩን አምነው ከፈረሙና ቅጣቱን ከከፈሉ በዚህ ሳምንት በሩ ይከፈትልዎታል።»

«ምን ብዬ ነው የምፈርመው?»

«አጭበርብሬያለሁ ብለው።»

«አላጭበረበርኩማ!»

«አውቃለሁ። ግን ሠራተኞችዎን ያስቡ። ክርክሩ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አይታወቅም።»

ሴቶቹን እያሰበች እንደሆነ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። ከመካከላቸው ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ አሉ። እኔ እንኳ፣ ልብ የለሽ የተባልኩት፣ «ትፈርም ይሆን?» ብዬ ከኮምፒውተሬ ቀና አልኩ።

«በሩ ተከፍቶ ስሜ ታሽጎ ቢቀር ምን ይጠቅመኛል?» አለች በመጨረሻ። «ደግሞስ እኔ አጭበርባሪ ነኝ ብዬ ስፈርም ጋሽ ገረሱም አብረው ተፈረመባቸው ማለት አይደል? አልፈርምም። ክሰስልኝ።»

ሙሌ ተነፈሰና አቤቱታውን አስጻፈኝ፦ በሩ የታሸገው፣ ንብረቱ የተወሰደው፣ ሒሳቡም የታገደው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ስለሆነ እርምጃው ይሻርልን። አጭር፣ ንጹሕ፣ የሕግ ቋንቋ። እትዬ ሸምሲያ መነጽሯን አድርጋ አነበበችና «የኔ ነገር የታለ?» አለች።

«የቱ የእርስዎ ነገር?»

«ጎረቤቴ ሱቄን ጠብቀውልኛል፣ እኔም ጠብቄላቸዋለሁ። ይኸ ይግባ።»

«እትዬ፣ እሱን ካስገባን ጥፋት አመንን ማለት ነው። ትእዛዝ የለም በሚለው ብቻ ማሸነፍ እንችላለን።»

«ጥፋት ካለበት ጥፋቴን ልስማ። እኔ በቀዳዳ ሾልኬ መውጣት አልፈልግም። ፋዮ፣ ጻፊ።»

ሙሌን አየሁት። እንግዲህ ምን ላድርግ በሚል እጁን ዘረጋ። ጻፍኩ። እሷ እንደተናገረችው፣ አንድ ቃል ሳልነካ ጻፍኩት። ነገር ሳሳምር የኖርኩ ሴት ያን ቀን የማሳምረው አጣሁ።

ከዚያ የቀጠሮ ዘመን መጣ። ልደታን የሚያውቅ ቀጠሮን ያውቃል። አንዴ መዝገቡ አልቀረበም፣ አንዴ ነገረ ፈጁ መልስ አላዘጋጀም፣ አንዴ ችሎቱ ሌላ ጉዳይ በዝቶበታል። እትዬ ሸምሲያ በታሸገ ድርጅት ስም ተደብቃ መሸጥ ትችል ነበር፤ ስንቱ ያደርገው የለም እንዴ! እሷ ግን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የአንድ ሌላ ነጋዴ ፍራሽ ቤት ገብታ በቀን ሠራተኛነት ተቀጠረች። ሴቶቿንም አንድ በአንድ እዚያና እዚያ አስቀጠረቻቸው። የድርጅት ሥራ አስኪያጅ የነበረችው ሴት እንደ አባቷ ጥጥ ስትነድፍ ውላ፣ ሻርፗ ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ ችሎት ትቀርባለች። አንድ ቀን ላራግፍላት እጄን ስሰድ «ተይው፣ ሥራ ላይ እንደሆንኩ ይዩ» አለችኝ።

ሙሌ በዚህ መሐል ነገሩ ገባው። «እትዬ፣ ያስገባናትን ነገር የሚያረጋግጥልን ጋሽ ገረሱ ብቻ ናቸው። ሄደው ይጠይቋቸው፣ ይመስክሩ» አላት።

«አልጠይቃቸውም።»

«እምቢ ይሉኛል ብለው ነው?»

«እኔ ብጠይቃቸው እምቢ አይሉኝም። የማልጠይቃቸውም ለዚሁ ነው። የሳቸው በር እንደኔው ቢታሸግ ማን ይጠየቅበታል?»

እኔ በበኩሌ ጋሽ ገረሱን በሆዴ ስረግማቸው ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ ይኸው፣ የቅርቡም ሲጨንቀው እንደ ሩቁ ነው እያልኩ። እንዲያውም አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አግኝቻቸው ሰላም ሳልላቸው ወርጃለሁ።

ክርክሩ የሚሰማበት ቀን ወሩ በገባ በሃያ አራት ላይ ዋለ። ጠዋት ገና ማሽኖቼን ሳላሞቅ ነጠላቸውን አመሳቅለው የለበሱ ሰው በሬ ላይ ቆሙ። ጋሽ ገረሱ ናቸው።

«ፋዮ፣ የሸምሲ ችሎት በየትኛው በኩል ነው?»

«ምን ሊያደርጉ ነው?» አልኳቸው፣ ፊቴን ሳልፈታ።

«ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባል የለም? ልናገር ነው። እስካሁን ፈራሁ። አሁንም እየፈራሁ ነው፣ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የተኛሁበት ፍራሽ እንኳ የሷ ሥራ ነው።»

ቤቴን ለጎረቤት ትቼ እኔው ራሴ ወሰድኳቸው። በመንገድ ላይ ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም፤ ክንዳቸውን ብቻ ያዝኩ።

እትዬ ሸምሲያ ሲገቡ አየቻቸውና ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ጋሼ፣ ማን ጠራዎት?» አለች በሹክሹክታ፣ እንደ መቆጣት ብላ። ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። ሙሌ ጎረቤቱ ይሰሙልኝ ሲል ነገረ ፈጁ ተቃወመ። ዳኛዋ ግን፣ አቤቱታው ውስጥ ተጠቅሰዋልና ይሰሙ ብለው ፈቀዱ። ያቺ ሙሌ የፈራት የእትዬ ሸምሲያ ዓረፍተ ነገር ናት በሩን የከፈተችላቸው።

ጋሽ ገረሱ ማሉ፤ የአርቡንም የሃያ አራቱንም እንደነበረ ተናገሩ። ነገረ ፈጁ ተነሣ።

«የሌላ ሰው ዕቃ በራስዎ ደረሰኝ ሸጠዋል። ይኼ ሐሰት አይደለም?»

«ጥፋት ነው ጌታዬ። አሁን ገብቶኛል። ሐሰት ግን አይደለም። ፍራሹን ሸጫለሁ፣ ገዢው ተኝቶበታል፣ ቫቱን ከፍያለሁ። ሐሰቱ የቱ ጋ ነው?»

ከኋላ ሰው ሳቀ። ዳኛዋ ጸጥታ አስከበሩና እሳቸውም ጠየቁ።

«ወር በገባ በሃያ አራት ሱቅዎን የሚጠብቁልዎት አመልካቿ ናቸው ብለዋል። ዛሬ ሃያ አራት ነው። ዛሬስ ለማን ተዉት?»

«ዘግቼው መጣሁ፣ ክብርት ዳኛ። ጠባቂዬ እዚህ ቆማ ለማን ልተወው?»

በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም። እትዬ ሸምሲያ በሻርፗ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ደግሞ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ብይኑ ተነበበ። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የተፈጸመው እሸጋና እገዳ ተሻረ፣ የተወሰደው ንብረት እንዲመለስ ታዘዘ። መርማሪዎቹ ስለ ደረሰኞቹ ማጣራት ከፈለጉ በሕጉ መንገድ ይሂዱ ተባለ። ሄዱም፤ አጣሩ፤ ቫቱ በሙሉ የተከፈለ ሆኖ አገኙት። የማጭበርበሩ ጥርጣሬ ተዘጋና ሁለቱም ጎረቤታሞች ደረሰኝ በአግባቡ ባለመቁረጣቸው ተቀጡ። ሙሌ ቅጣቱንም እንከራከርበት ቢል እትዬ ሸምሲያ ሳቀችበት። «ይኼ የራሴ ነው፣ እከፍላለሁ» ብላ በማግሥቱ ከፈለች። ጋሽ ገረሱም አብረዋት ሄደው ከፈሉ። ሲመለሱ ሴቶቹ ወርክሾፑን ጠርገው ጨርሰው ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ አርብ የራሴን ፍራሽ ልቀይር ብዬ አብነት ወረድኩ። ያለ ወትሮው የእትዬ ሸምሲያ ሱቅ ተዘግቷል። ጋሽ ገረሱ በሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አውጥተው፣ ለራሳቸው ሱቅም አንድ ዓይናቸውን ትተው፣ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ጁምዓ ናት» አሉኝ ሳልጠይቃቸው።

«ቁልፉስ?»

ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ።

«እንግዲያው ይክፈቱልኝና መርጬ ልሂድ፣ ሥራ ጥዬ ነው የመጣሁት።»

«አይሆንም። እሷ ስትመጣ በራሷ ማሽን ትሸጥልሻለች።»

ልብ የለሽ ብባልም ንዴት አላጣሁም። «ታዲያ የማይከፍቱትን ቁልፍ ይዘው፣ የማይሸጡበትን ሱቅ ተደግፈው፣ እዚህ ፀሐይ ላይ ምን ያደርጋሉ?»

ጋሽ ገረሱ እንደ ሞኝ አዩኝ።

«ሱቅ እየጠበቅኩላት ነዋ!» አሉና ወንበሩ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። እኔም ተቀመጥኩ።