የተጨመቀው ሞላ
የሐሙስ ጸሎታችን ሊጀመር ሲል ታናሽ ወንድሜ ሮተርዳም ካለው ሥራ ቦታው ደወለ። «እታለም፣ ጠመንጃውን ውስጡ ያለው ሞላ እንደተጨመቀ ትቼው ወጣሁ። አንድ ጊዜ በባዶው ተኩሺና ይፈታ። እስከ እሑድ ከቆየ ጉልበቱን ይጨርሳል» አለኝ።

ጠመንጃው የፕላስቲክ ፍሬ የሚተፋ፣ በባትሪ የሚሠራ መጫወቻ ነው። ቤልጅየም እየሄደ ይጫወትበታል፤ እዚህ ሆላንድ ግን እውነተኛ ስለሚመስል ክልክል ነው። የወንድሜ የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ ያኔ ገና አልወጣም ነበር፤ ጠመንጃው ቢታይበት ሊከለከል ይችላል። የመጀመሪያው ሞላ እንዲሁ ተጨምቆ ከርሞ ላላ። ቀጥሎ የመረጠው ከልክ በላይ ጠንካራ ነበርና የማርሹን ጥርሶች በላቸው። ይህን መካከለኛውን በስንት ፍለጋ አገኘው፤ እሱም ሲበላሽ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ስሎተርቫርት ሰፈር ያለው ሳሎናችን ይህን በምታነቡት በእናንተ፣ በጸሎት ወገኖቼ፣ ተሞልቶ ነበር። ጸሎቱ ሲጀመር መኝታ ቤት ገብቼ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ፤ ጠመንጃውን ጭኔ ላይ አድርጌ ብርድ ልብስ ለበስኩና ቃታውን ሳብኩት። ቋ አለ። ጸሎቱ ቆመ።

በሩ ሲከፈት ከነጠመንጃው እንደተሸፈንኩ ቀረሁ። «ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?» አሉኝ ሽማግሌያችን። መዋሸት አልችልም፤ መነሳትም አልችልም። «ጸልዩልኝ» አልኳቸው። ሁላችሁም ገብታችሁ ከበባችሁኝ፤ እጃችሁን ጫናችሁብኝ።

አንድ እጅ ጉልበቴ ላይ፣ ልክ ከአፈሙዙ በላይ አረፈ። ቆም አለና ቀስ ብሎ ወደ ትከሻዬ ተሻገረ። ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር የማን እንደሆነ አላየሁም። ወንድሜ ፈቃዱን ካገኘ በኋላም ነገሩ ከልቤ አልወጣም። የዚያን ቀን የነበራችሁ፣ ያ እጅ የማን እንደነበር እባካችሁ ንገሩኝ፤ ዝም ላለልኝ ሰው ምስጋናዬን ላድርስ።