ሳይለኩሱት የማይነሣው ጋዝ

እህቴ የምታጠናው ጮክ ብላ ነበር። ላሊበላ ከተማ መሰናዶ ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገነተ ማርያም አጠገብ ወዳለው ቤታችን ትመጣና የክፍሉ ፕላዝማ ቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ ያጣደፈውን ሁሉ በአማርኛ እየፈታች ለግድግዳው ታስረዳለች። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ፣ ሲያሰኘኝ ጋሸና ከተማ ከጭነት መኪኖች ጋር፣ ሲደክመኝ እርሻ ላይ ነበርኩ። ግጥም ስለምሞክር የእሷን ኬሚስትሪ የምሰማው ለቃላቱ ስል ነው።

በዚያ ሰሞን ጓሯችን የባዮጋዝ ጉድጓድ ተሠርቶ፣ እበት ከውኃ ጋር ተበጥብጦ ገብቶበታል። የግብርና ባለሙያዋ ቧንቧውን እስከ ማድ ቤት ዘርግታ፣ ‹ሚቴኑ ሲሞላ ክብሪት ጭራችሁ ክፈቱት› ብላን ሄዳለች። ሁላችንም የቸኮልነው ለእናቴ ዓይን ነው። የኩበት ጭስ አቅልቶት ሁልጊዜ ያነባል፤ ጤና ጣቢያም ከጭስ ካልራቀች እየባሰባት እንደሚሄድ ነግረዋታል።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ እናቴ ሽሮ እያማሰለች፣ እህቴ «ሲሌን የሚቴን አምሳያ ነው፤ አየር እንዳገኘ በራሱ ይቀጣጠላል» ስትል ሰማቻት።

«ይሄ የእኛው ጋዝ ነው?»

«የእሱ ዘመድ ነው» አለች እህቴ፣ ከመጽሐፉ ቀና ሳትል።

«በራሱ የሚነድ ዘመድ ያለውንማ ቤቴ አላስገባም። ዓይኔ ይጥፋ እንጂ ልጆቼን አላቃጥልም።»

ጋዙ ሞላ። እናቴ የቧንቧውን መክፈቻ በጨርቅ ጠቅልላ አሰረችው። ቄስ የሆኑት አባታችን ሊያሾፉባት ሞከሩ። «የገዛ ላሞችሽን ትፈሪ ጀመር?»

«እርስዎማ ከዕጣን ጥና ጋር የኖሩ፣ ጭስ ምንዎ ነው» አለቻቸው።

በሳምንቱ እህቴ አጠገቧ ተቀመጠች። «እማዬ፣ ሚቴን ውስጥ ያለው ካርቦን ትንሽ ነው። አራቱን ሃይድሮጂኖች ጥብቅ አድርጎ ይዟል። ኦክስጅን ቢዞረው መግቢያ አያገኝም፤ እሳት ካላገዘው ይመለሳል። ሲሌን ውስጥ ያለው ሲሊከን ግን ትልቅ ነው፤ አያያዙ የላላ ነው፤ ሌላ የሚጠጋበት ቦታም አለው። ኦክስጅን እንደደረሰ ይገባበታል። ትንሽ አመድ የነካው ውኃ እንኳ ሲሌንን ይፈታዋል።»

«ውኃ?»

«አዎ። ሚቴን ግን እዚያው እበትና ውኃ ውስጥ አይደል የተወለደው? ምን ሆነ?»

እናቴ የታሰረውን ቧንቧ አየች። «ያኛውስ የት ነው ያለው?»

«እኛ አገር በየሜዳው የለም፤ በፋብሪካ ነው የሚሠራው። የእኛ ሲሊከን ከኦክስጅን ጋር ከተጋባ ቆየ። አለቱም አሸዋውም እሱ ነው፤ ከእንግዲህ አይነድም።»

«ደብራችንን የፈለፈሉት ከዚያ አለት ነው በይኛ» አሉ አባቴ።

«ሲሌን ከፈለጋችሁ ይሄው» አለች እህቴ ወደ እኔ እየጠቆመች። «ማንም ሳይነካው ወደ ጋሸና ይነሣል።»

እናቴ ሳቀች፤ ግን አላመነችም። «እንግዲያው ክብሪቱን አርቂና ክፈቺው። እስኪ አየር ያግኝ።»

ፍሙን ወደ ውጭ አወጣን። በርና መስኮቱን ከፈትን። እናቴ ጨርቁን ራሷ ፈታች፤ እህቴም ከፈተችው። ጋዙ ፉጨት አሰማ፤ የተበላሸ እንቁላል ሸተተን። እናቴ ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀች። ምንም የለም።

«ዝጊው።»

ሽታው ከወጣ በኋላ ክብሪቱን የጫረችው እናቴ ናት። ሰማያዊ ነበልባል በምድጃው ዙሪያ ተነሣ። ጎንበስ ብላ በቅርብ አየችው፤ ፊቷን ሳታዞር እሳት ስትመለከት ያን ቀን ገና አየሁ።

«ጨዋ ነው» አለች። «ሳይለኩሱት አይነሣም።»

የጋዙ ምድጃ ምጣድ ስለማይችል እንጀራው ከዚያም በኋላ በኩበት ይጋገር ነበር። ዓይኗም ጨርሶ አልዳነም፤ ማንባቱ ግን ቀነሰላት። እኔም ድሮ ከጭሱ ሸሽቼ ደጅ የምጽፈው ልጅ ማድ ቤት መጻፍ ጀመርኩ። እናቴ ሽሮዋን እየጠበቀች «እስኪ አንብብልኝ» ትለኛለች፤ አነብላታለሁ። የመጀመሪያዋ አድማጬ እሷ ናት። ጮክ ብላ ያጠናችውን እህቴን፣ ሳታይ አላምንም ያለችውን እናቴን፣ ሁለቱንም አመሰግናለሁ።