ጉተማ ኮፍያውን ያወለቀ ዕለት

ጉተማ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ዶሮ መሸጥ ከጀመረ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ክንፏን ብቻ ጨብጦ፣ ቄብ ትሁን እናት፣ የደጋ ትሁን የቆላ፣ ይነግርሃል። ፊደል አልቆጠረም፤ ቢቆጥርስ? የቆጠሩት እኮ ናቸው ያረጀ የፈረንጅ ዶሮ ገዝተው ሚስት የሚያስለቅሱት! የፈረንጅ ዶሮ ደግሞ ምን ዶሮ ነው፤ ሽንኩርቱ በቅጡ ሳይቁላላ ሥጋው ጥጥ ሆኖ ድስት ውስጥ ይበተናል። ጉተማን ማሽን አያታልለውም። አንዴ ጦር ኃይሎች የመንገድ ሚዛን ላይ ወጥቶ አርባ ኪሎ ነህ ቢለው፣ «ሚዛንህን አስመርምረው» ብሎ ሳይከፍል የሄደ ሰው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ ዋጋነሽ መጣች። የሃያ ዓመት ደንበኛው ናት። ልጇን ልትድር ነው፤ ለመልሱ አሥራ ሁለት አውራ ዶሮ ትፈልጋለች። አሥራ ሁለት! ሰፈሩ ሁሉ የሚበላው ድግስ ነው፤ እሷ ከሌላ ከገዛች ጉተማ በምን ፊቱ ማዞሪያው ላይ ይቆማል? ግን ብቻዋን አልመጣችም። የእህቷ ልጅ ዮኤል ስልኩን እንደ ባትሪ ወደፊት ዘርግቶ ተከትሏታል።

ጉተማ ቀዩን አውራ ዶሮ አንስቶ ሰጣት። ዮኤል ፎቶ አነሳና ስልኩን አየት አደረገ።

«አክስቴ፣ ይሄ የሀበሻ አይደለም። አፑ የአሜሪካ ዝርያ ነው ይላል።»

«አሜሪካ? ከሆለታ በአይሱዙ ነው የመጣው! ቪዛውን ማን መታለት?»

«ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት። አፑ ፎቶ አይቶ ዝርያ ይለያል።»

«ጨብጦታል?»

«ስልክ እንዴት ይጨብጣል?»

«እንግዲያው ዝም ይበል!»

ዋጋነሽ ግን ዶሮውን መልሳ አስቀመጠች። «ጋሽ ጉተማ፣ አይቀየሙኝ። አማቾቼ ፊት ሥጋው ቢፈርስብኝስ? እዚያ ማዶ ያለው ሻጭ ጋ ልይና እመለሳለሁ።»

እመለሳለሁ! ይህችን ቃል ብሎ የተመለሰ ደንበኛ በሠላሳ አንድ ዓመት አላየም።

«ቁሚ!» አለ ጉተማ። ወደ ዮኤል ዞረ። «ያ ስልክህ ያሳዩትን ሁሉ ያውቃል?»

«ሁሉንም።»

ጉተማ የሱፍ ኮፍያውን አወለቀ። ይሄ እኮ ኮፍያውን ሲያወልቅ ሚስቱም አይታው አታውቅም የሚባልለት ሰው ነው። ነጭ ጎፈሬው ቡፍ ብሎ ወጣና ግንባሩ ላይ ተደፋ።

«አንሳኝ!»

ዮኤል አነሳው። ስልኩ ትንሽ ቆየ፤ ዮኤል አፉን በእጁ ያዘ።

«አንብብ እንጂ!»

«ጋሼ፣ ይቅርብዎት።»

«አንብብ አልኩህ!»

«የፖላንድ ዶሮ። ጉትዬ፣ አናቷ ላይ ጎፈሬ ያላት። ሴት ናት ይላል። ለጌጥ እንጂ ለእንቁላል ብዙም አትሆንም።»

ዋጋነሽ የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። አጠገባቸው ያለው ሊስትሮ ሳቀ፣ የማዞሪያው ወያላዎች ሳቁ። ጉተማ ብቻ አልሳቀም። ቀዩን አውራ ዶሮ አንስቶ እጇ ላይ መለሰው።

«እኔ ፖላንድ ከሆንኩ እሱም አሜሪካዊ ነው። ምረጪ።»

ዋጋነሽ የዶሮውን ደረት ዳበስ ዳበስ አደረገች፤ ድንጋይ ነው። አሥራ ሁለቱንም ከሱ ወሰደች። ዮኤል በግራ በቀኝ ስድስት ስድስት ዶሮ ቁልቁል አንጠልጥሎ ሄደ፤ ስልክ የሚይዝበት ጣት አልተረፈውም።

የመልሱ ወጥ አልፈረሰም፤ አማቾቹ አጥንቱን ሳይቀር ጋጡት። ወያላዎቹ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ዶሮ ተራው ጋ ሲደርሱ «ፖላንድ ወራጅ አለ?» እያሉ ይጮኻሉ። ጉተማም ኮፍያውን እስከ ጆሮው ስቦ፣ ዞር ሳይል፣ ዶሮውን በእጁ ይመዝናል።