ከሣሩ ወሰን ሥር

የኤሞት ሃዶን ባል ሲሞት መሬቱን ለሚስቱ ሳይሆን ለሻማ ነው የተናዘዘው። አንድ ሩድ መሬት። በእንግሊዝ አገር በዴቨን ገጠር የአንድ አክር ሩብ የሚያህል ቁራጭ እርሻ ሩድ ይሉታል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ከመቅደሱ በፊት ካለው የእንጨት ግርዶሽ በላይ የቆመውን ትልቁን ስቅለትም ሩድ ይሉታል። ኤሞት መሬቱን እያረሰች፣ ንቦቿ ከሰጧት ሰም ሻማ እየሠራች፣ በስቅለቱ ፊት ለባሏ ነፍስ ታበራ ነበር። ሌላ ሥራ አልነበራትም ማለት ይቻላል።

ኋላ የድሮውን የእምነት ሥርዓት የሚሽር የአዲሱ ሕፃን ንጉሥ ትእዛዝ መጣ። ሻማ ይቅር፣ ምስል ይቃጠል፣ የሻማ መሬት ሁሉ ለንጉሥ ይግባ። ምስል የደበቀ ደግሞ ወየውለት! ኤሞት ከደወል ደዋዩ ጋር ሆና የጌታን ምስል ከመስቀሉ ነቀለችና ጭጋግ በዋጠው ማለዳ ከእርሻው ዳር፣ ከሣሩ ወሰን ሥር ቀበረችው። የንጉሡ ሰዎች ባዶውን መስቀል አቃጥለው ሄዱ። ደወል ደዋዩ በዚያው ክረምት ሞተ፤ ምስጢሩ ከእሷ ጋር ብቻ ቀረ።

ወሰኑን የመረጠችው አስባበት ነው። በዚያ አገር ማንም፣ ባለጌም ቢሆን፣ ወሰን አያርስም። በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ቄሱ እርሻ ለእርሻ እየዞሩ «ወሰን የሚገፋ ርጉም ይሁን» ሲሉ ሕዝቡ «አሜን» እያለ ነው ያደገው።

ለንጉሥ የገባውን መሬት ግን ጊልበርት ቶዘር ገዛው። ከወሰኑ ወዲያ ያለውም እርሻ የጊልበርት ነው። ኤሞት ይህን ስትሰማ ነገሩ ገባት፤ ለካ ወሰን የሚከበረው ሁለት ባለቤት እስካለው ነው!

«ጊልበርት፣ ወሰኑን አትረሰው» አለችው በሬ ሲጠምድ ደርሳ።

«እትዬ ኤሞት፣ ከራሴ ጋር ልካለል እንዴ?»

«እርግማኑን አትፈራም?»

«የማንን ወሰን ገፋሁ? የጊልበርትን? ጊልበርት አይከሰኝም፣ አውቀዋለሁ።»

በሬዎቹን ነዳ። ኤሞት ቤቷ መግባት አልቻለችም፤ ትልሙን እያየች ቆመች። ማረሻው ሣሩን ሲገለብጥ አንድ ነገር ያዘው። ጊልበርት እየተሳደበ ጎንበስ አለና አፈሩን በእጁ ጠረገ። ከነምስማሩ የእንጨት እግር ወጣ።

ቀና ብሎ ግራ ቀኙን አየ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ሂድና ተናገር።»

«ምን ብዬ? መሬቱ የኔ፣ በሬው የኔ! ማን ያምነኛል? አንቺ ሴትዮ፣ ጉድ ሠራሽኝ!»

«አትረስ አላልኩህም?»

«ለምን እንደሆነ መች ነገርሽኝ!»

«ላንተ?»

ጊልበርት ከተገለበጠው ሣር ላይ ቁጭ ብሎ የምስሉን እግር ሲያየው ቆየ።

«እናቴ የታመመች ጊዜ ከዚህ እግር ሥር ተንበርክኬ ለምኜ ነበር» አለ።

«ዳነች?»

«አልዳነችም።»

ይህን ብሎ አፈሩን በእጁ መለሰው፣ ሣሩንም መልሶ ደለደለው። በሬዎቹን አዙሮ ማዶ ማዶውን አረሰ። ከፍርሃት ይሁን ከፍቅር እሷም አልጠየቀችው፣ እሱም አልነገራት።

በመከር ወቅት አገሩ ሁሉ ወፍጮ ቤት ተሰብስቦ ጊልበርትን መቀለጃ አደረገው። ክንድ መሬት የማያስተርፍ ስስታም ከገዛ እርሻው መሃል የሣር ወሰን ትቶ!

«ጊልበርት፣ ከሚስትህ ጋር ተካፈልክ እንዴ?» አለው ወፍጮኛው።

«ምነው፣ ቀኝ እጁ የግራ እጁን መሬት እንዳይሰርቅ ፈርቶ ነው እንጂ!» አለ ሌላው።

አንዱ ደግሞ ወደ ኤሞት ዞረ። «የባልሽ መሬት ነበር፣ አንቺ ታውቂ ይሆናል። ከወሰኑ ሥር ምን ቢኖር ነው?»

ሳቁ ጋብ አለ። ጊልበርት ጆንያው ላይ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ አያት።

«ምን ይኖራል!» አለች ኤሞት። «ድሮም ቀጥ አድርጎ ማረስ አያውቅም፤ ሞኝ ነው!»

ከሁሉም አስበልጣ ሳቀችበት። ጊልበርትም አንገቱን ደፍቶ አብሯቸው ሳቀ። ዱቄቷን ተሸክማ ስትወጣ በሩን ከፍቶ ያዘላት፤ ኤሞት ግን ሰው እያየ ነበርና «እግዜር ይስጥልኝ» እንኳ ሳትለው አለፈች።